«የእኛ ልጅ» ማን ነው? የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የተጫዋቾች ምልመላና የደጋፊዎቹ ወግ



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ መተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ፣ «ደግሞ ወደ ኳስ ገባህ?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ አልተቀየምሁም። ታሪክ ጸሐፊ ዜና መዋዕል ወይም የመሬት ይዞታ መዝገብ ሲያገላብጥ ማንም አይደነቅም፤ ሰዎች በየፀጉር አስተካካዩ ቤትና በየሬዲዮው ስለ ኳስ የሚያወሩትን ሲያዳምጥ ግን ሥራ የፈታ ይመስላል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ያ ወግ ራሱ ሰነድ ነው፣ ያውም ከብዙ የቢሮ ቃለ ጉባኤ የበለጠ እውነት የሚናገር ሰነድ ነው ብዬ ነው።

ነገሩ በውስጤ የተጠነሰሰው ለሦስተኛ ዲግሪ አሜሪካ በነበርኩበት ዘመን ነው። በፌብሩዋሪ ወር፣ በረዶ በጣለበት አንድ ምሽት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያዬ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ጣቢያው የኬንታኪ ነው፤ ደጋፊዎች እየደወሉ ሐሳብ ይሰጣሉ። አንዱ ደዋይ ከከሰል ማዕድን ሥራ ጡረታ መውጣቱን አስቀድሞ ተናገረና፣ በተራራማው ምሥራቃዊ ክፍል ያደገ አንድ የ17 ዓመት የፉትቦል ተጫዋች የሌላ ክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ መምረጡን መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ያወራ ጀመር። ልጁን በአካል አያውቀውም። አባቱንም አያውቀውም። ልጁ የተጫወተውን ጨዋታ እንኳ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም ትንፋሽ ሳይሰበስብ ወደ ትናንትናው የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ተሻገረና ተከላካዮቹን አንድ በአንድ እየጠራ ወቀሰ። በመካከሉ ደጋግሞ የሚያነሣት አንዲት ሐረግ ነበረች፤ ወደ አማርኛ ስንመልሳት «የእኛ ልጅ» የምትል። በአማርኛ «የእኛ ልጅ» ስንል ስንት በር እንደምንከፍትና ስንት በር እንደምንዘጋ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ሦስት ነገሮችን ላጥራ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል የምለው እኛ እግር ኳስ የምንለውን ሳይሆን፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ምልመላ የምለው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለቡድናቸው የሚያግባቡበትን ሥራ ነው። አውቃለሁ፤ ቃሉ በእኛ ጆሮ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ነገር ግን የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ እንዲያውም በዚያም ሀገር ቃሉ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው።

ሁለቱ ጨዋታዎች በደጋፊው አንደበት ለምን እንደሚቀላቀሉ የሚያስረዳው የዘመን አቆጣጠራቸው ነው። የቅርጫት ኳሱ ውድድር በኖቬምበር ተጀምሮ በማርች የብሔራዊው ሻምፒዮና ጥሎ ማለፍ ይመጣል። የፉትቦል ተመልማዮች ውል የሚፈርሙበት ቀን ለብዙ ዘመን በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ረቡዕ ነበር፤ ከ2017 ወዲህ በዲሴምበርም ይፈረማል። ስለዚህ በክረምት የደጋፊው ዓይን ከቅርጫቱ፣ ጆሮው ከፊርማው ጋር ነው። አንዱ የዛሬ ጨዋታ ነው፤ ሌላው የሦስት ዓመት በኋላ ተስፋ ነው። ኬንታኪን የመረጥሁት ይህ ክፍፍል ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይባት ነው። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስ ከሀገሪቱ ኃያላን አንዱ ነው፤ በፉትቦል ግን በደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ውስጥ፣ ከአላባማና ከጆርጂያ ጎን፣ ብዙውን ጊዜ ምስኪን ሆኖ የኖረ ነው። ክፍለ ግዛቲቱ ከ1967 እስከ 1976 ከቆየው ኮሎኔልስ ከሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን በቀር ዘመናዊ ትልቅ የሙያ ቡድን አልነበራትም። የሚጮኹለት ቡድን የዩኒቨርሲቲው ቡድን ነው።

የካንሳስ ተወላጁ አዶልፍ ራፕ የቅርጫት ኳሱን ቡድን የተረከበው በ1930 ነው። እስከ 1972 ድረስ አሠልጥኖ 876 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ1948፣ በ1949፣ በ1951 እና በ1958 ብሔራዊ ሻምፒዮና አነሣ። በ1948 የቡድኑ አምስት ተጫዋቾች በለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ካመጣው የአሜሪካ ቡድን ጋር ተሰልፈዋል፤ ራፕም ረዳት አሠልጣኝ ነበር። በዚያው የኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ ዶን ባርክስዴል የሚባል ጥቁር ተጫዋች ነበረ፤ በአሜሪካ የኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያው ነው። ያ ቡድን ለዝግጅት ሌክሲንግተን መጥቶ ሲጫወት ባርክስዴል ሜዳው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተጫወተ፤ ሲመሽ ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ሆቴል ማደር አልቻለም። በሜዳ የእኛ ልጅ፣ በማደሪያ የሰው ልጅ እንኳ ያልሆነ።

ሕጉም ይህንኑ ይል ነበር። በ1904 የወጣው የዴይ ሕግ በኬንታኪ ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ከልክሏል። ይህ ግድግዳ በዩኒቨርሲቲው የተሰነጠቀው በ1949 ነው፤ ላይማን ጆንሰን የተባለ መምህር በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሶ አሸነፈና በዚያው በጋ ጥቁር ተማሪዎች ለድኅረ ምረቃ ገቡ። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በማርች፣ ቡድኑ ሁለተኛውን ሻምፒዮና አንሥቶ ነበር። ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲጽፏቸው እወዳለሁ። የስፖርት ታሪክ መጻሕፍት ማርችን ይጽፋሉ፤ የሕግ ታሪክ መጻሕፍት በጋውን። ከተማይቱ ግን አንድ ነች፤ ሁለቱንም ዜናዎች ያነበበው ሕዝብም አንድ ነው።

ስለ 1951 ቅሌት በአጭሩ ላንሣ፤ ስለ ደጋፊው የሚነግረን ነገር ስላለ ነው። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ የነጥብ ልዩነቱን ሆን ብለው እንደሚያጠብቡ ተጋለጠ። ራፕ የእርሱን ልጆች ቁማርተኛ ሊቀርባቸው እንደማይችል በኩራት ተናገረ። በኦክቶበር አሌክስ ግሮዛ፣ ራልፍ ቢርድና ዴል ባርንስቴብል ተያዙ፤ በ1949 ኬንታኪ በቺካጎው ሎዮላ በተሸነፈበት ጨዋታ ገንዘብ መቀበላቸው ታወቀ። ሁለቱ የወርቅ ሜዳሊያ ባለቤቶች ነበሩ። በመጨረሻ ቡድኑ የ1952–53ን የውድድር ዘመን በሙሉ እንዳይጫወት ታገደ። እንግዲህ ተቃራኒ ቡድን በሌለበት በዚያ ክረምት ምን ሆነ? ራፕ ልጆቹን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርሳቸው በሕዝብ ፊት አጋጠማቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በ1950 ወደ ተከፈተው ሜሞሪያል ኮሊሲየም መጥተው ተመለከቱ። ማሸነፍና መሸነፍ የሌለበትን ጨዋታ ለማየት በክረምት ከቤቱ የሚወጣ ሕዝብ ድል ፍለጋ አይደለም የሚመጣው። በዓመቱ ቡድኑ ተመልሶ 25 ጨዋታ ተጫውቶ 25ቱንም አሸነፈ። ያን ጊዜ በሬዲዮ የካውድ ሌድፎርድ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ እስከ 1992 ድረስም አልተቋረጠም። በተራራው ሥር ያለው የከሰል መንደር ዩኒቨርሲቲውን የሚያውቀው በዚህ ድምፅ ነው። ልጁን ለትምህርት ባይልክም ጆሮውን ልኳል።

ፉትቦሉስ? ኋላ በአላባማ ስመ ገናና የሆነው ፖል «ቤር» ብራያንት ከ1946 እስከ 1953 በኬንታኪ ነበር። በ1950 የኮንፈረንሱን ሻምፒዮና ወሰደ፤ በጃንዋሪ 1951 በሹገር ቦል 31 ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈውን የኦክላሆማን ቡድን 13 ለ 7 ረታ። ነገር ግን ጥላው የራፕ ነበር። በሁለቱ የሽልማት ግብዣ ላይ ለራፕ ካዲላክ መኪና፣ ለብራያንት ሲጋራ መለኰሻ ተሰጠ የሚል ወግ እስከ ዛሬ ይነገራል። እውነት ይሁን ተረት አያሳስበኝም፤ ሕዝቡ እየደጋገመ ማውራቱ ይበቃኛል።

አሁን የዛሬ ክርክሬ ወደሚያርፍባቸው አራት ወራት ደረስን።

በዲሴምበር 1965፣ በአገረ ገዥው ኤድዋርድ ብሬዝት ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከሉዊቪል የመጣ ኔት ኖርዚንግተን የሚባል ጥቁር ወጣት ለኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ፊርማውን አኖረ። የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ከዚያ በፊት ጥቁር የፉትቦል ተጫዋች አሰልፎ አያውቅም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለኳስ ቡድን ሲፈርም አገረ ገዥ አጠገቡ መቆሙን ልብ በሉ። በጃንዋሪ 1966 ይኸው አገረ ገዥ የኬንታኪን የሲቪል መብት ሕግ ፈረመ፤ በደቡብ ካሉ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያው ነው። ጥቂት ቆይቶ ከሚድልስቦሮ ከተማ ግሬግ ፔጅ የሚባል ሌላ ጥቁር ወጣት ኖርዚንግተንን ተከተለው።

ማርች 19 ቀን 1966፣ በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ የራፕ ቡድን ለብሔራዊው ሻምፒዮና ፍጻሜ ከቴክሳስ ዌስተርን ጋር ገጠመ። የቴክሳስ ዌስተርን አሠልጣኝ ዶን ሃስኪንስ አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን አስቀድሞ አሰለፈ። የኬንታኪ ቡድን ሁሉም ነጭ ነበር። ውጤቱ 72 ለ 65 ሆነ፤ ኬንታኪ ተሸነፈ። ይህን ጨዋታ ፊልም የሠሩለት ብዙ ሰዎች ያውቁታል። የማያውቁት፣ በዚያች ሌሊት ይኸው ዩኒቨርሲቲ በፉትቦሉ በኩል ጥቁር ተጫዋች አስፈርሞ ሦስት ወር ማለፉን ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ኮንፈረንስ፤ ሁለት አሠልጣኞችና ሁለት ፍጥነት።

ለምን? የታሪክ ባለሙያዎች ስለ ራፕ ሲከራከሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። አንዱ ወገን ሰውየው ጥቁር ተጫዋች አልፈለገም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ወደ ሚሲሲፒና ወደ አላባማ የሚያስጉዝ ውድድር ለጥቁር ወጣት የሞት መንገድ ስለነበር ልጆቹ ራሳቸው አልመጡም ይላል። ሁለተኛው ክርክር ባዶ አይደለም። በ1963 የሚሲሲፒ ስቴት ቡድን ጥቁር ተጫዋቾች ካሉት ከሎዮላ ጋር ለመጫወት ሲል የፍርድ ቤት እግድ እንዳይደርሰው ከግዛቱ በድብቅ ነው የወጣው። ከሉዊቪል የተገኘው ዌስ አንሰልድም በ1964 ኬንታኪ ነፃ የትምህርት ዕድል ቢያቀርብለትም የሉዊቪልን ዩኒቨርሲቲ መረጠ። ኋላ በ1969 ወደ ሙያው ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የእኛ ልጅ ነበር፤ እንግዳ ሆኖ አለፈ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጆን ኦስዋልድ ራፕን ጥቁር ተጫዋች እንዲመለምል ይወተውቱት እንደነበርም የታወቀ ነው።

ነገር ግን ያው አስፈሪ መንገድ ለፉትቦሉም ነበረ። ሚሲሲፒ ለፉትቦል ተጫዋች ለስላሳ አትሆንም። እኔ ልዩነቱን የማየው በአሠልጣኙ ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በደጋፊው ልብ ውስጥ ነው። ፉትቦሉ የሚያጣው ነገር አልነበረውም፤ ደጋፊውም ከእርሱ ብዙ አይጠብቅም ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ቢሞከርበት ቅዱስ ነገር ተነካ የሚል አልነበረም። ቅርጫት ኳሱ ግን የቤቱ ዕቃ ነው፤ አራት ሻምፒዮና በነጭ ልጆች የተገኘበት፣ በሬዲዮ ድምፅ ከእያንዳንዱ ማጀት የገባ። ፍቅሩ በጠነከረበት ቦታ ለውጡ ዘገየ። ይህ ራፕን ነፃ አያወጣውም፤ ሥልጣን የነበረው እርሱ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ኃጢአት በአንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ጭኖ፣ በየምሽቱ ሬዲዮ ከፍቶ «ልጆቻችን» ሲል የነበረውን ሕዝብ ማሰናበት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይመስለኝም።

ኖርዚንግተንና ፔጅ አንድ ማደሪያ ክፍል ይጋሩ ነበር። አሠልጣኙ ቻርሊ ብራድሾው ናቸው፤ በ1962 ሥልጠናቸው ከመክበዱ የተነሣ ቡድናቸው ወደ 30 ሰው ያህል የቀነሰባቸው ሰው። በኦገስት 1967 በልምምድ ላይ ፔጅ አንገቱ ተጎዳና ሽባ ሆነ። ሴፕቴምበር 29፣ ዓርብ፣ ሞተ። በማግስቱ ቅዳሜ ኬንታኪ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሌክሲንግተን ሜዳ ተጋጠመ፤ ኖርዚንግተንም ትከሻው እንደተጎዳ ለጥቂት ደቂቃዎች ገባ። በደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ጨዋታ የመጀመሪያው ጥቁር የፉትቦል ተጫዋች የሆነው በዚያች ቀን ነው። የክፍል ጓደኛው አስከሬን ገና አልተቀበረም። ታሪክ ሠራ የምንለው ሰው በዚያች ሰዓት ታሪክ መሥራቱን ሳይሆን ማታ ተመልሶ የሚገባባትን ባዶ አልጋ ያለባትን ክፍል ያስብ እንደነበር እገምታለሁ።

ኖርዚንግተን ብዙ አልቆየም፤ በዚያው የውድድር ዘመን ኬንታኪን ለቆ ወደ ዌስተርን ኬንታኪ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ከኋላው ለመጡት ለሁለቱ ጥቁር ተጫዋቾች፣ ለዊልበር ሃኬትና ለሂውስተን ሆግ፣ ጸንተው እንዲቆዩ ነገራቸው። ቆዩ። ሃኬት በ1969 የቡድኑ አምበል ሆነ። ተማሪዎች ስለ «የመጀመሪያው» ሲጽፉ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው ነው። በር የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ይጎዳል፤ ቤቱን ቤት የሚያደርጉት ገብተው የሚቀመጡት ናቸው።

ራፕ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ከሉዊቪል የመጣውን ቶም ፔይንን፣ ያስፈረመው በ1969 ነው። ከኖርዚንግተን አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ የቫንደርቢልቱ ፔሪ ዋላስም በዚሁ ኮንፈረንስ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ፔይን የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በ1972 ራፕ በ70 ዓመቱ የጡረታ ሕግ አስወጣውና ጆ ሆል ተተካ። ከዚያ የሆነው ፈጣን ነው። በ1978 ኬንታኪ በፍጻሜው ዱክን 94 ለ 88 ሲያሸንፍ፣ 41 ነጥብ ያስቆጠረው ጃክ ጊቨንስ የሚባል ጥቁር ወጣት ነው፤ የተወለደውና ያደገው እዚያው ሌክሲንግተን፣ የዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ። ከኮሌጅ ፓርኩ ሽንፈት እስከዚያ ምሽት 12 ዓመት ነው። በዚያ ምሽት በኬንታኪ የሬዲዮ ጣቢያዎች ላይ «የእኛ ልጅ» የተባለው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ሰው ቀስ ብሎ ይለወጣል፤ ቋንቋው ግን ሳይታወቀው ቀድሞት ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ በፍጥነት ልለፈው፤ ገንዘብ የገነነበት ዘመን ነውና ነገሩ ከዘር ወደ ዋጋ ይዞራል። በ1988 ለአንድ ተመልማይ አባት በጭነት ድርጅት የተላከ ፖስታ ተከፍቶ በውስጡ 1,000 ዶላር ተገኘ የሚል ዜና ወጣ። በ1989 ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ከብሔራዊው ውድድር ታገደ፤ ለአንድ ዓመትም ጨዋታው በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዳይተላለፍ ተደረገ። ብዙ ተጫዋቾች ጥለው ሄዱ። የቀሩት አራቱ እስከ 1992 ቆዩ፤ ሦስቱ የኬንታኪ ትንንሽ ከተሞች ልጆች፣ አራተኛው ሾን ዉድስ ከኢንዲያናፖሊስ የመጣ ጥቁር ወጣት። በማርች 1992 ከዱክ ጋር በተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው፣ ዉድስ ሁለት ሰከንድ ገደማ ሲቀር አግብቶ፣ የዱኩ ክርስቲያን ሌትነር ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት አግብቶ 104 ለ 103 ተሸነፉ። ሻምፒዮና አላመጡም። ማልያቸው ግን ከአዳራሹ ጣሪያ ተሰቀለ፤ የማይረሱት ተብለው ይጠራሉ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ማስረጃዬ ይህ ነው፦ ደጋፊው «የእኛ ልጅ» የሚለው መለኪያ ሊለወጥ እንደሚችል። በ1966 መለኪያው ቆዳና መንደር ነበረ። በ1992 መለኪያው በክፉ ቀን አለመሄድ ሆነ፤ ዉድስም በዚህ መለኪያ ከመንደሩ ልጆች ጋር እኩል ገባ።

ይህም መለኪያ ብዙ አልኖረም። የሙያው ሊግ ከ2006 ጀምሮ ዕድሜያቸው 19 ያልሞላ ተጫዋቾችን አልቀበልም ሲል፣ ታላላቅ ተሰጥኦ ያላቸው ወጣቶች ለአንድ ዓመት ብቻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ብቅ ብለው መሄድ ጀመሩ። ከ2009 እስከ 2024 ኬንታኪን ያሠለጠነው ጆን ካሊፓሪ ይህን የመሰለ ምልመላ የተካነ ሰው ነበር። በ2012 አንተኒ ዴቪስ ከቺካጎ መጥቶ፣ አንድ ዓመት ተጫውቶ፣ ሻምፒዮና አስገኝቶ ሄደ። ደጋፊው ተደሰተ፤ ግን እንደ 1992ቱ አላለቀሰለትም። በሌላ በኩል ምስኪኑ ፉትቦል በማርክ ስቱፕስ ዘመን ከኦሃዮ ወጣቶችን እየመለመለ ቀና አለ፤ በ2018 እና በ2021 አሥር አሥር ጨዋታ አሸነፈ። በ2022 ካሊፓሪ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ዩኒቨርሲቲ ነው ቢል ስቱፕስ በአደባባይ መለሰለት። ሲጋራ መለኰሻውና ካዲላኩ ገና አልተረሱም ማለት ነው።

ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በ2025–26 እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ እንዲያካፍል ተፈቅዶለት ነበር። በ1989 ቅጣት ያመጣው 1,000 ዶላር ዛሬ ፈገግታ የሚያጭር ገንዘብ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን የትምህርት ውርደት ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። ለአርባ ዓመት አዳራሽ ያስሞሉ፣ አንገታቸውን የሰጡ ወጣቶች ዋጋቸው ይታወቅ የነበረው ለሌላው ሁሉ ነበር፤ ለራሳቸው ሲነገራቸው የሚዋረደው ማን እንደሆነ አይገባኝም። የማዕድን ሠራተኛው ግን ምን ይላል? ልጁ በዓመቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ሲችል፣ ቡድኑ በየበጋው ከሥሩ ተነቅሎ ሲተከል፣ በፌብሩዋሪ ምሽት ስለ ማን ያለቅሳል? ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በ2024 ካሊፓሪ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው የተካው ማርክ ፖፕን ነው፤ የ1996ቱን ሻምፒዮና ያነሣው ቡድን አባል። ፖፕ የኬንታኪ ተወላጅ አይደለም፤ ከዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የመጣ ነው። ነገር ግን ለመተዋወቂያው ቀን ራፕ አሬና የሚባለው ግዙፍ አዳራሽ ጨዋታ እንዳለበት ምሽት ሞላ። ያ ሁሉ ሕዝብ የመጣው ተጫዋች ለማየት አልነበረም፤ ከሞላ ጎደል ቡድን የሚባል ነገር ገና አልነበረም። የመጣው ከራሳቸው አንዱ ተመልሶ ሲገባ ለማየት ነው። በ1952 ተቃራኒ የሌለበትን ጨዋታ ያየው ሕዝብ የልጅ ልጆች ናቸው።

ከ2016 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ማሠልጠኛ አጠገብ የአራት ሰዎች ሐውልት ቆሟል፤ ኖርዚንግተን፣ ፔጅ፣ ሃኬትና ሆግ። በሰሙኑ መጨረሻ ወደ ስታዲየሙ የሚሄደው ደጋፊ ልጆቹን ከፊታቸው አቁሞ ፎቶ ያነሣል። ከአራቱ አንዱ፣ ግሬግ ፔጅ፣ በዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ በመካከለኛው መተላለፊያ ይዞርላችኋል።